ጋሼ ምናይልም እና ድሪላቸው

የአክስቴ ባል መጋረጃ ሰቃይ ናቸው። አክስቴ ትሰፋለች፣ እሳቸው ይሰቅላሉ፣ እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ጠርዝ እቀመቅማለሁ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ፊተኛው የሥራ፣ ኋለኛው የመኖሪያ ይባላል እንጂ ጨርቁ ኋለኛውንም ከወረሰው ቆይቷል፤ አልጋው ላይ ጋደም ለማለት መጀመሪያ የሰው ሳሎን የሚሸፍን ጨርቅ ማንሳት ያስፈልጋል።

ሰፈሩ እኚህን ሰው የሚያውቃቸው በሙያቸው ሳይሆን ከአፋቸው በማይጠፋው ቃል ነው። ጋሼ ምናይልም ይባላሉ። መሰላሉ ቢወዛወዝ «ምናይልም!»፤ ዘንጉ ወደ ግራ ቢያዘነብል «ምናይልም፣ ጨርቁ ሲንጠለጠልበት ይስተካከላል!»፤ ጨርቁ ተንጠልጥሎ ዘንጉ ከነጭራሹ ቢወድቅ «ምናይልም፣ ግድግዳው ነው ልል የሆነው!»። ግድግዳው እስኪጠነክር እንጠብቅ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ደንበኛ እስካሁን የለም።

አክስቴና ባሏ በምን ተግባብተው እንደተጋቡ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሥራ ዕቃቸውን ባያይ ይሻለዋል። የእሷ የስፌት መኪና ጠዋት ጠዋት ይወለወላል፤ በየጥጉ የተሰገሰገው ብናኝ በብሩሽ ይጠረግለታል፤ ዘይት ጠብ ይደረግለታል፤ ማታ ልብሱን ለብሶ ይተኛል። የእሳቸው ድሪል ግን ኑሮው ጆንያ ውስጥ ነው፤ ከሚስማር፣ ከብሎን፣ ከደነዘ ፑንታ፣ ከሲሚንቶ ብናኝ፣ አንዳንዴም ከተረፈ ግማሽ ዳቦ ጋር። ሲያወጡት በገመዱ ጎትተው ነው፤ እልኸኛ ፍየል እንኳ እንዲያ አይጎተትም። ጉተታው በዝቶ ገመዱ ከአንገቱ ላይ ሲላጥና የውስጡ ሽቦ ብቅ ሲል፣ ጋሼ ከመሳቢያ የቁስል ፕላስተር አውጥተው ለጠፉበት።

«ምን ሆኖ ነው?» አለቻቸው አክስቴ።

«ትንሽ ቆስሏል።»

«ሐኪም አይቶታል?»

«ምናይልም፣ ይድናል።»

ፑንታ፣ የድሪሉን መብሻ ብረት፣ ሲቀይሩ ድሪሉን ከሶኬት ነቅለው አያውቁም። መንቀል፣ እንደገና መሰካት፣ እንደገና መንቀል፤ ሰው ከዚህ የበለጠ ሥራ የለውም ወይ? የፑንታውን መንጋጋ የሚያጠብቁበትን ቁልፍም እዚያው መንጋጋው ላይ ሰክተው የመርሳት ልማድ ነበራቸው። አንዲት መምህርት ቤት እንዲሁ ረስተውት ድሪሉን ሲያስነሱት፣ ቁልፉ ተወንጭፎ ሄዶ የግድግዳውን ሰዓት ፊቱን አለው። መምህርቷ ከምንጣፏ ላይ ስብርባሪ መስታወት ስትለቅም፣ ጋሼ ሊያጽናኗት ፈልገው፣ «ምናይልም ልጄ፣ ጊዜ እንደሆነ ያለ ሰዓትም ያልፋል» አሏት። የቀረውን መጋረጃ ሌላ ሰው ሰቀለላት።

ድሪሉ ሲገዛ አብሮት የመጣውን የጎን እጀታ፣ ሁለተኛው እጅ እንዲይዝበት የተሠራውን ማለቴ ነው፣ ገና በአዲስነቱ ፈትተው ጆንያው ሥር ጥለውታል። «ይሄ እጁ ለሚደክመው ነው» ብለው። ለሥራ የሚለብሱት ኮት ደግሞ እጅጌው ሰፊ፣ ክሩ የተንዘረዘረ ነው፤ ሁለት መጋረጃ ሰፊ ሴቶች ባሉበት ቤት ይህን የሚያህል ኮት መገኘቱ ራሱን የቻለ ተአምር ነው። አንድ ቀን ድሪሉ እጅጌውን ያዘና አዝራር ገንጥሎ ወሰደ። አክስቴ አዲስ አዝራር እየተከለች፣ «ዛሬ አዝራር በላ፤ ነገ ጣት ያምረዋል» አለች። ጋሼ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያልን የጥርስ ክሊኒኩ ሥራ መጣ።

ክሊኒኩ ገና በተከፈተ ሕንጻ ላይ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ። የጥርስ ሐኪሟ ለመጠበቂያ ክፍሉም ለውስጡም መስኮት መጋረጃ አዝዛ ነበርና ሦስታችንም ተሸክመን ሄድን። አክስቴ እንደገባች የሶኬቱን ቦታ አየችና ጣቷን ከእሱ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ፣ «በዚህ መስመር እንዳትበሳ። ሽቦው በዚህ ነው የሚወጣው» አለቻቸው።

ጋሼ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉት። «ግድግዳ እኔን ያናግረኛል።»

«ምን አለህ?»

«ብሳኝ አለኝ።»

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ጉንጩ ያበጠ ግዙፍ ሰውዬ፣ አፏን በሻርፕ የያዘች ሴትዮ፣ ሌሎችም ተቀምጠዋል። ሁሉም ዝም ብለው የውስጡን በር ያያሉ። ጋሼ ከበሩ ጀርባ ገብተው ድሪሉን እየመታ እንዲበሳ መዶሻው ላይ አድርገው ለቀቁት። ሕንጻው ጠቅላላ አጉረመረመ። ግዙፉ ሰውዬ ቀስ ብሎ ተነሣና ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔስ... ተሽሎኛል» አለ። ባለ ሻርፗ ተከተለችው። የቀሩት ተራቸውን ለማስከበር የሚከራከሩ መስለው እየተጋፉ ወጡ፤ የሚጋፉት ግን ወደ መውጫው ነበር።

ሐኪሟ ብቅ አለች። ቀጠን ያለች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አፏን በጭምብል፣ ዓይኗን በትልቅ መነጽር ሸፍናለች። ባዶውን ክፍል አየች፤ ከዚያ ጋሼን አየች።

«ጋሼ፣ በሽተኞቼን ጨረሱልኝ እኮ።»

«ምናይልም ዶክተር፣ ጥርስ እንደሆነ ማመሙን አይተውም፤ ይመለሳሉ።»

በዚህስ ልክ ነበሩ። ሐኪሟ ግን ዓይኗን ከፊታቸው አልነቀለችም። «መነጽር የለዎትም?»

«አጥርቼ ነው የማየው።»

«የማንበቢያውን አይደለም፤ የመከላከያውን። እኔ የምበሳው ከባቄላ የሚያንስ ነገር ነው። እሱንም ዓይኔን ሸፍኜ። እርስዎ ፎቅ እየበሱ በባዶ ዓይን?» ከኪሷ ትርፍ መነጽር አውጥታ ዘረጋችላቸው።

ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑና ሳይቀበሏት ቀሩ። «አባቴ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን በባዶ ዓይን ነው የፈለጡት።»

«እስከ መጨረሻው ያዩ ነበር?»

ጋሼ አገጫቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «በኋላ በኋላ እንኳ... በድምፃችን ነበር የሚለዩን።»

ይህን ከተናገሩ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን መነጽሩን ይቀበል ነበር። እሳቸው መሰላሉን ወጡ።

የመስኮቱ አናት ከፍ ያለ ስለሆነ ቀዳዳው ከራሳቸው በላይ ነበር። አንጋጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ተጫኑት። ድሪሉ ማብሪያው አጠገብ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለችው፤ እሷን የነካ ሰው ጣቱን ቢያነሣም ድሪሉ መዞሩን አይተውም። ጋሼ እሷን ነገር ይወዷታል፤ ጣታቸውን ታሳርፍላቸዋለች። ብናኙ እንደ ዱቄት ፊታቸው ላይ ይወርዳል፣ እሳቸው እፍ ይላሉ፣ ይጫናሉ፣ እፍ ይላሉ። ድንገት «እህ!» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሁለት እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ላኩ።

ሁለት እጅ ወደ ዓይን ሲሄድ ድሪሉን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለም። ወደቀ፤ በቁስለኛ ገመዱ ተንጠልጥሎ እየዞረ መሰላሉን ጠረበው፤ ከዚያ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ተራውን የሚጠብቀውን መጋረጃ፣ አክስቴ አጎንብሳ የከረመችበትን፣ ጫፉን ያዘና እንደ ፓስታ ጠቅልሎ ወደ ራሱ ይስበው ጀመር። አክስቴ የባሏን እግር ይዛ መሰላሉ ላይ ተጣብቃለች። ሶኬቱ አጠገብ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ነቀልኩት። ጀግንነት አልነበረም። ሥራ ላይ እያለ ተነቅሎ ስለማያውቅ ሶኬቱ ራሱ ሳይገርመው አልቀረም።

ሰፈራችን ውስጥ ዓይንህን ግንባር ያድርገው ብሎ የሚራገም ሞልቷል፤ በእርግማን የታወረ ግን አላየንም። ጋሼ ያለ ማንም እርግማን፣ በገዛ እጃቸው፣ ያውም ለሥራ ወጥተው ሊያደርጉት ተቃረቡ።

ሐኪሟ ደግፋ አስገባቻቸውና ያ ሁሉ በሽተኛ ጥሎት በሸሸው ወንበር ላይ አስተኛቻቸው።

«አይሹት! እጅዎን ያውርዱ፣ አይሹት።» ዓይናቸውን በንጹሕ ውኃ አጠበችው፤ አልወጣም። «ገብታለች። እኔ አልነካትም፣ የጥርስ ሰው ነኝ። አሁኑኑ ዓይን ሆስፒታል ይሂዱ።» የወረቀት ኩባያ ቆርጣ ዓይናቸው እንዳይነካ ከደነችላቸውና በፕላስተር አጣበቀችው።

ጋሼ በደህናው ዓይናቸው ጣሪያውን እያዩ፣ «ምና...» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም።

የዓይን ሐኪሙ ያወጣት ድንጋይ ከስኳር ቅንጣት ታንሳለች። የብሌናቸውን ዳር ቧጥጣዋለች። ትንሽ ወደ መሃል ብታልፍ ኖሮ፣ አለ ሐኪሙ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ጋሼ ድንጋዪቱን ማየት ፈለጉ። ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ አሳያቸው፤ አቀርቅረው ሲፈልጓት ቆዩና፣ «ይቺ?» አሉ፣ እንደ ተሰደበ ሰው። ቢያንስ ጠጠር የምታህል ጠብቀው ነበር።

ቤት ስንገባ አክስቴ ምንም አልተናገረችም። ይህ መጥፎ ምልክት ነው። አክስቴ የምትሳደብ ከሆነ ነገሩ ቀሏል ማለት ነው። ቁጭ ብላ የተቀደደውን መጋረጃ መፍታት ጀመረች። ጋሼ አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንዳይተኙ አልጋውን የሞላው ጨርቅ አልተነሣም፣ አንሡልኝ ለማለት ደግሞ ድፍረቱ የለም። በመጨረሻ አክስቴ መቀሱን አስቀመጠች።

«ስማ አንተ። ዓይኑ ያንተ ብቻ መስሎሃል። ብትታወር እጅህን ይዤ የምመራህ እኔ ነኝ። ግድግዳውን ጠየቅኸው። እኔን ጠይቀኸኛል?»

ጋሼ «አልጠየቅኩሽም» አሉ። ድምፃቸው ሲቀጥን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ክር ያለቀብኝ መስዬ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣሁ።

በነጋታው አክስቴ ድሪሉን በጆንያው ይዛ መንገድ ዳር ካለው ሞተር ጠምጣሚ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ጠምጣሚው ድሪሉን ከወዲያ ወዲህ አገላበጠው፣ ነቀነቀው፣ ከመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ አመድ የመሰለ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ።

«እትዬ፣ ይሄ ድሪል ነው ወይስ የሲሚንቶ ከረጢት?»

«ባለቤቱን ጠይቀው። አሁን ግን አንድ ዓይን ነው ያለው፣ ቀስ ብለህ።»

ፕላስተሩን ሲያይ ጠምጣሚው ሳቀ፤ ልጦት ሽቦውን ሲያይ ሳቁን አቆመ። «ይሄ ሰውዬ ወዳጅ አለው በላይ። ይህን ገመድ እርጥብ እጅ ቢነካው ኖሮ...» ገመዱን በናስትሮም ቢሆን አልጠግንም ብሎ ከሥሩ ቆርጦ በአዲስ ቀየረው። ከዚያ ጎኑን ፈታና ሁለት አጫጭር ጥቁር ነገሮች አወጣ። ለሞተሩ መብራት የሚያቀብሉት ካርቦኖች ናቸው፤ አልቀው የምስር ፍሬ አክለዋል። «ለዚህ ነው እሳት ሲተፋ የከረመው። እስኪያልቁ አይጠበቅም፣ ሲያጥሩ ይቀየራሉ።»

«አውቃለሁ» አለች አክስቴ። «የስፌት መኪናዬም ሞተር አለው፤ ካርቦኑ ሲያጥር እቀይርለታለሁ። እኔ የማላውቀው ባሌ ሞተር መያዙን እንደሚያውቅ ነበር።»

ጠምጣሚው ብናኙን አራግፎ መንጋጋውን በዘይት ለወሰና እየተቆጣ መከራት፤ ከሥራ በኋላ ይጠረግ፣ ሲግል ይረፍ፣ ፑንታው ሲደነዝዝ ይቀየር እንጂ በጉልበት አይገፋ፣ በገመዱ አይንጠልጠል። የማያውቀን ሰው ቢሰማ ድሪሉ የእሱ ልጅ፣ እኛ ደግሞ የእንጀራ እናቶች ነን።

ክሊኒኩ ግን መስኮቱ ባዶውን ቀርቷል። የዓይን ሐኪሙ ጋሼን ከአቧራ ራቁ ብሏቸዋል። ሌላ ሰቃይ እንጥራ ብል አክስቴ፣ «እስከዛሬ ሲሰቅል ቆሜ ያየሁት ምን ልሆን ነው?» አለች። ሻርፗን አወለቀች፣ ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረች፣ እጅጌው የሚጣበቅ ሹራብ ለበሰች፣ ጋሼ እምቢ ሲሉ ከሐኪሟ ተቀብላ የያዘችውን ያን መነጽር አደረገች። ጋሼ «ለምክር» ብለው ተከተሉን። እኔ ሆዴ ውስጥ ለምክሩ የተዘጋጀ ሳቅ ይዣለሁ።

አክስቴ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ጀመረች። ደህና ይሄድ ነበር። ከዚያ ቸኮለች፤ ባሏን ለማሳየት እንደተጫነችው እኔ ብቻ ሳልሆን እሷም ሳታውቀው አልቀረችም። ፑንታው ግድግዳው ውስጥ ያለ ብረት አገኘና ቀጥ አለ፤ ፑንታው ሲቆም ድሪሉ ራሱ ዞረ፣ የእጇን አንጓም ይዞት ዞረ። ጣቷን ከማብሪያው ላይ አነሣች። ቁልፏን ስላልነካቻት ድሪሉ ወዲያው ጸጥ አለ። አክስቴ መሰላሉን እንደያዘች ቀረች።

እኔ ያን የታወቀ ቃል ጠበቅኩ። ጋሼ ግን መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀሉ። «ውረጂ» አሏት። «እጅሽን አሳይኝ።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አሳይኝ አልኩሽ።»

አንጓዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ አጠፉት፣ ዘረጉት። ያማት ነበር ግን አልተሰበረም። ከዚያ ጆንያውን ከታች ድረስ በረበሩና ያን ለእጀ ደካማ የተሠራውን እጀታ አወጡት። ድሪሉ ላይ ገጥመው አጠበቁላት። «አንዱ እጅሽ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ብረቱ ካለበት ፈቀቅ በይ። አትጫኚው፣ ድሪሉ ራሱ ይሂድ፤ አንቺ መንገዱን ብቻ ያዢለት።»

«እስከዛሬ ይህን ታውቅ ነበር?» አለች አክስቴ።

«አውቅ ነበር።»

ከሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው። ሰውዬው አላዋቂ ቢሆኑ ይቅር እል ነበር።

መጋረጃው ተሰቀለ። ጋሼ ከታች ሆነው ዓይናቸውን አዙረው የሻይ ብርጭቆ በሚያህል ቆርቆሮ ብናኙን ሲቀበሉ ዋሉ።

ዓይናቸው ዳነ። ኃይለኛ ብርሃን ሲመታው ግን እንባ ያወርዳል፤ አላፊ አግዳሚው አዝነው የሚሄዱ ስለሚመስለው ያጽናናቸዋል፣ እሳቸውም አይከለክሉትም። አሁን አንድ ቀን እሳቸው፣ አንድ ቀን አክስቴ ይበሳሉ። ድሪሉ የራሱ ሳጥን አለው፤ ካልጠረጉት እራት አይበሉም። ተገላገልን ብለን ነበር። አልተገላገልንም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት አያታቸው የፈጠሩት ይመስል ለሰው ሁሉ ያድላሉ። መነጽሩን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገበያ ይሄዳሉ። በመንገድ ሲያልፉ ድሪል የሚጮህበት ቤት ከሰሙ በር ያንኳኳሉ፤ «ደህና ዋላችሁ፣ ሠራተኛው መነጽር አድርጓል?» ይላሉ። በር የዘጋባቸው ብዙ ነው። ያልዘጋባቸው ተጸጽቷል።

ባለፈው ሳምንት ከኛ በላይ ያለው ጎረቤታችን፣ የታክሲ ነጂው፣ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መስታወት ሊሰቅል ድሪል ተውሶ ከቧንቧው በላይ በሳ። ውኃው ሲፈነዳ ጩኸቱ እኛ ጋ ተሰማ። ጋሼ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ሮጡት። ቆጣሪው ላይ ኤሌክትሪኩን አጠፉ፣ የውኃውን ማጥፊያ አዞሩ፣ ሰውዬውን ከኩሬው ውስጥ ጎትተው አወጡት። እስከዚህ ድረስ እውነቱን ለመናገር ኮራሁባቸው። ከዚያ ወንበር አስመጡ። ታክሲ ነጂው ፎጣ አገልድሞ ቆሟል፤ ጋሼ እግራቸውን አነባብረው፣ «አየህ ልጄ፣ ቧንቧ ከመክፈቻው ወደ ላይ ነው የሚሄደው...» ብለው ጀመሩ። ሚስትየው ሻይ አቀረበች፤ ይህ ስሕተት ነበር። ውኃው ተጠርጎ፣ ወለሉ ደርቆ፣ ሰውዬው ልብሱን ቀይሮ ሲመለስ፣ እሳቸው ገና ስለ ግድግዳው ዓይነት እያብራሩ ነበር። አክስቴ ከታች ሆና ስማቸውን ጠራች። አልሰሟትም። እኔም ወርጄ፣ ልመልሳቸው ወይ አልኳት።

«ተይው» አለችኝ ወደ ስፌት መኪናዋ እየተመለሰች። «በስንት ጊዜው ሰሚ አገኘ።»